የመሶብ ቅርጽ ያለው የብረት መጠለያ፦ ወገቡ በምን እኩልታ ይገለጻል?

ላሜራ ቆራጭ (ኮምቦልቻ)፣ ማክሰኞ ከምሽቱ 1:40

እንዴት አመሻችሁ። ኮምቦልቻ ውስጥ ትንሽ የብየዳ ቤት አለችኝ። የዘወትር ሥራችን በርና መስኮት፣ አጥር፣ የውሃ ታንከር መቀመጫ ነው። አሁን ደሴ ላይ ግቢ ያለው ምግብ ቤት የሚከፍቱ ሰው፣ ግቢው መሀል በመሶብ ቅርጽ ክብ መጠለያ እንድሠራላቸው አዘዙኝ። ውስጡ አራት አምስት ሰው ተቀምጦ ቡና የሚጠጣበት ነው። ሥራውን በጣም ወድጄዋለሁ። የወሎን መሶብ የሚያውቅ ሰው ከበር ሲገባ ገና «መሶብ ነው» እንዲል እፈልጋለሁ።

ልኩ እንዲህ ነው። አካሉ 2.40 ሜትር ቁመት አለው። የላዩና የታቹ ቀለበት ዲያሜትር 3 ሜትር ሆኖ መሀል ላይ ወገቡ ወደ ውስጥ ይገባል። ከላይ ሾጣጣ ክዳን አለው፤ ዲያሜትሩ 3.60፣ ከፍታው 1.35።

ክዳኑን እንደምንም እወጣዋለሁ። የቸገረኝ ወገቡ ነው። ላሜራውን ዝርግ እያለ በምን መልክ ብቆርጠው ነው ሲጠቀለል ያንን ወገብ የሚሰጠኝ? የእህቴ ልጅ «ቅርጹ እኩልታ አለው፤ እኩልታው ከተገኘ መዘርጋቱ ቀላል ነው» አለኝ። የምታውቁ ካላችሁ እባካችሁ ከሥሩ አስረዱኝ። እስከ 10ኛ ክፍል ተምሬያለሁ።

መምህር ዘደሴ (ደሴ)፣ ማክሰኞ ከምሽቱ 2:25

ወንድሜ፣ ከሥሩ ብለሃልና ከሥሩ እንጀምር።

በመጠለያው መሀል ለመሀል፣ ወገቡ በሚያልፍበት ከፍታ ላይ አንድ ነጥብ ምረጥ። ከዚያ ተነሥተህ ወደ ምሥራቅ የሄድከውን ርቀት ኤክስ፣ ወደ ሰሜን የሄድከውን ዋይ፣ ወደ ላይ የወጣኸውን ዜድ በለው። ወደ ታች ከወረድክ ዜድ የመቀነስ ምልክት ይይዛል። በግቢው ውስጥ ያለ ማንኛውም ቦታ በእነዚህ ሦስት ቁጥሮች ይታወቃል። ቅርጽን በቁጥር የመጻፍን መንገድ እ.ኤ.አ. በ1637 ባሳተመው ሥራ ያስፋፋው ፈረንሳዊው ዴካርት ነው።

እኩልታ ለእያንዳንዱ ነጥብ የሚቀርብ ጥያቄ ነው፤ «ከቅርጹ ላይ ነህ ወይስ አይደለህም?» ብሎ ይጠይቃል። ለምሳሌ

ኤክስ² + ዋይ² + ዜድ² = 4

ሲባል ጥያቄው «ከመነሻው ያለህ ርቀት 2 ነው ወይ?» ነው። «አዎ» የሚሉት ነጥቦች ሲሰበሰቡ ሉል ይሆናሉ። ዜድን አውጥተን ኤክስ² + ዋይ² = 4 ብቻ ብንተው ስለ ከፍታ መጠየቅ አቆምን ማለት ነው። ክቡ ወደ ላይም ወደ ታችም ሳይለወጥ ይቀጥላል፤ ሲሊንደር ነው። ከመሀል ያለው ርቀት ከፍ ባልን ቁጥር እኩል እየቀነሰ ከሄደ ደግሞ ሾጣጣ ይወጣል። ያንተ ክዳን፣ ዜድን ከክዳኑ ጠርዝ ብንለካ፣ እንዲህ ነው፦

ከመሀል ያለው ርቀት = 1.8 − (4/3) × ዜድ

ጠርዙ ላይ 1.80 ይሰጥሃል፤ 1.35 ላይ ስትደርስ ዜሮ ይሆናል፤ ጫፉ ነው።

አሁን ወገቡ፦

ኤክስ² + ዋይ² = 0.81 + ዜድ²

ወገቡ ላይ ዜድ ዜሮ ስለሆነ የርቀቱ ዳግም ርቢ 0.81፣ ርቀቱ 90 ሳንቲ ሜትር ነው። 1.20 ስትወጣ 0.81 + 1.44 = 2.25 ይሆናል፤ የ2.25 ዳግም ዘር 1.50 ነው። ያንተ ቀለበት። 1.20 ስትወርድም ያው ነው፤ የመቀነስ ምልክት በራሱ ሲባዛ ይጠፋልና። ሃይፐርቦሎይድ ይባላል። የወገቡን ልክ ስላልጻፍክ 90 ያልኩት እኔ ነኝ፤ ሌላ ብትመርጥ ቁጥሮቹ እንጂ ዓይነቱ አይለወጥም።

ቶርኖ ቤት (ኮምቦልቻ)፣ ማክሰኞ ከምሽቱ 3:05

መምህር፣ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ፣ እኛ ይህን ሥራ ያለ ኤክስና ዋይ ኖረንበታል። መሀል ላይ ችንካር ትመታለህ፣ ገመድ ታስራለህ፣ ትዞራለህ፤ ክብ ወጣ። ለወገቡ በየከፍታው ገመዱን ታሳጥራለህ። ልጁ ሒሳብ ሲፈራ ሥራው እንዳያመልጠው ብዬ ነው።

መምህር ዘደሴ፣ ማክሰኞ ከምሽቱ 3:20

አባቴ፣ እርስዎ ያሉት ገመድ ራሱ እኩልታው ነው። ኤክስ² + ዋይ² = አንድ የተወሰነ ቁጥር ማለት «ገመዱ ተወጥሮ የሚደርስበት ሁሉ» ማለት ነው። «በየከፍታው ገመዱን ታሳጥራለህ» ያሉትም ትክክል ነው። የቀረው «በዚህ ከፍታ ስንት?» የሚለው ነው፤ የእኔ መስመር የምትመልሰው እሱን ብቻ ነው። 40 ሳንቲ ሜትር ከወገቡ በላይ ገመዱ ስንት ይሁን? 0.81 + 0.16 = 0.97፤ ዳግም ዘሩ 98 ሳንቲ ሜትር ተኩል ያህል። በዓይን ቢገመት አንዱ ጎን ከሌላው ሊበልጥ ይችላል።

ቦርከና (ኮምቦልቻ፣ የምህንድስና ተማሪ)፣ ማክሰኞ ከምሽቱ 4:10

ጋሼ ላሜራ ቆራጭ፣ እኩልታው ተገኘ ማለት ላሜራው ይዘረጋል ማለት አይደለም። ሳይገዙ በፊት ይህን ይወቁ ብዬ ነው።

ክዳኑ ይዘረጋል። ሾጣጣን ከጫፍ እስከ ጠርዝ ቀደው ቢከፍቱት ከክብ ላይ የተቆረጠ ቁራጭ ይሆናል። የክቡ ሬዲየስ የክዳኑ ተዳፋት ርዝመት ነው። 1.8² + 1.35² = 5.0625፤ ዳግም ዘሩ 2.25 ሜትር። የቁራጩ ማዕዘን 360 × 1.8 ÷ 2.25 = 288 ዲግሪ። ማለትም 2.25 ሬዲየስ ካለው ክብ ላይ 72 ዲግሪ ጥለው ቀሪውን ቢጠቀልሉ ክዳንዎ ነው። በአንድ ሉህ ስለማይወጣ በ24 ዲግሪ 12 ቦታ ይክፈሉት፤ እያንዳንዱ ከታች 94 ሳንቲ ሜትር ያህል ይሰፋል። የሚያገኙት ላሜራ 2 ሜትር ብቻ ከሆነ ጫፉን ለብቻው ቆርጠው ይቀጥሉ።

ወገቡ ግን በምንም መልክ ቢቆርጡት አይዘረጋም። ጀርመናዊው የሒሳብ ሊቅ ጋውስ እ.ኤ.አ. በ1827 ያረጋገጠው ነገር ነው። አንድ ገጽታ ሳይለጠጥና ሳይጨማደድ የሚዘረጋው፣ በየነጥቡ ቢያንስ በአንድ አቅጣጫ ሳይጎብጥ ሲቀር ነው። ሾጣጣና ሲሊንደር ላይ ከላይ ወደ ታች ቀጥ ያለ መስመር አለ፤ በሌላው አቅጣጫ ብቻ ይጎብጣሉ። የመሶብ ወገብ ዙሪያውን ወደ ውስጥ፣ ከላይ ወደ ታች ደግሞ ወደ ውጭ ይጎብጣል። ሁለት ተቃራኒ ጉብጠት አንድ ቦታ ላይ ሲገናኙ ዝርግ ላሜራ አይቀበላቸውም። በመዶሻ ቀጥቅጠው ማስለጠጥ ይኖርብዎታል፤ ወይም በቀጭን በቀጭኑ ቆርጠው ብዙ ስፌት መበየድ።

ላሜራ ቆራጭ፣ ረቡዕ ከጠዋቱ 12:50

ይህን ሳላነብ ላሜራ ገዝቼ ቢሆን ኖሮ ጉድ ፈልቶ ነበር። ክዳኑን ገባኝ፤ ማታውኑ በካርቶን ቆርጬ 72 ዲግሪዋን ጥዬ ስጠቀልለው ልክ ሆኖ ተቀመጠ። ለወገቡ ታዲያ ቀጥቅጦ ማስለጠጥ አልችልም፤ ያን ያህል ሰው የለኝም። ቀጭን ቀጭን ብቆርጠው ደግሞ ስፌቱ በዛና መልኩን ያጠፋዋል። ሌላ መንገድ የለም ማለት ነው?

መምህር ዘደሴ፣ ረቡዕ ከቀኑ 6:30

አለ። እንዲያውም ካሉት ሁሉ የሚያምረው እሱ ነው። ላሜራውን ተወውና ቀጥ ያለ ቱቦ ያዝ።

እኩልታውን እንደገና እይ፦ ኤክስ² + ዋይ² = 0.81 + ዜድ²። ኤክስን 0.9 ላይ አስቆመው። 0.9² ራሱ 0.81 ስለሆነ ከሁለቱም ጎን ይጣፋሉ፤ የሚቀረው ዋይ² = ዜድ² ነው። ዋይ እና ዜድ እኩል ናቸው ማለት ነው፤ ወይም አንዱ የሌላው ተቃራኒ። ዋይ = ዜድ ደግሞ ቀጥ ያለ መስመር ነው! አንድ ሜትር ወደ ጎን ስትሄድ አንድ ሜትር ወደ ላይ ትወጣለህ፤ 45 ዲግሪ የተጋደመ። በዚያ መስመር ላይ ያለ እያንዳንዱ ነጥብ ለእኩልታው «አዎ» ይላል። ሙሉው መስመር፣ ከታች ቀለበት እስከ ላይ ቀለበት፣ ከወገቡ ገጽታ ላይ ሳይወጣ ይተኛል።

ቅርጹ ዙሪያውን አንድ ስለሆነ መስመሩን በመሀል ምሰሶው ዙሪያ ብታዞረው የሄደበት ሁሉ ወገቡን ይሠራል። ዋይ = −ዜድ የሚለው ሁለተኛው መስመር በተቃራኒ ተጋድሞ ያንኑ ያደርጋል። ስለዚህ በእያንዳንዱ ነጥብ ላይ ሁለት ቀጥ ያሉ መስመሮች ይገናኛሉ። ከላይ ወደ ታች ስታየው የጎበጠው ገጽታ አንድም የጎበጠ ዘንግ ሳይገባበት ይሠራል።

ይህን እንግሊዛዊው ክሪስቶፈር ሬን እ.ኤ.አ. በ1669 በጽሑፍ አሳይቶታል። በብረት የሠራው ግን ሩሲያዊው መሐንዲስ ቭላዲሚር ሹኾቭ ነው። እ.ኤ.አ. በ1896 በኒዥኒ ኖቭጎሮድ ኤግዚቢሽን ላይ ከቀጥ ዘንጎች የተሠራ የውሃ ማማ አቆመ፤ በኋላም በሞስኮ እ.ኤ.አ. በ1922 የተጠናቀቀውን የሬዲዮ ማማ በዚሁ ዘዴ፣ አንዱን ሃይፐርቦሎይድ በሌላው ላይ እየደረበ ሠራ።

በእጅህ ሞክረው። ሁለት የባልዲ ክዳን ውሰድ፣ ጠርዛቸውን እኩል እኩል ብሳ፣ በላስቲክ ክር ፊት ለፊት አገናኛቸው። መጀመሪያ ሲሊንደር ነው። የላዩን ክዳን ስትጠመዝዘው ወገቡ እየገባ ይመጣል፤ ክሮቹ ግን ቀጥ እንዳሉ ናቸው። በጠመዘዝክ ቁጥር ወገቡ ይቀጥናል፤ ግማሽ ዙር ስታደርስ ሁሉም መሀል ላይ ተገናኝተው ሁለት ሾጣጣ ይሆናል።

ስንደዶ (ደሴ)፣ ረቡዕ ከምሽቱ 1:15

ይህን ክር ከትናንት ጀምሬ እየተከታተልኩ ነው፤ ስለ መሶብ ሲወራ ሰፊ ዝም ማለት አይሆንላትም። እናቴ መሶብ ሰፊ ናት፤ እኔም ከእሷ ተምሬ እሰፋለሁ። ኤክስና ዋይ ባናውቅም ቅርጹ እንዴት እንደሚመጣ በእጃችን እናውቀዋለን። እዚህ የተባለውን በስፌት ቋንቋ ልንገራችሁ።

ስፌት ከመሀል ይጀመራል። ስንደዶውን አጣምረን በአክርማ እየጠቀለልን፣ በወስፌ እየበሳን፣ ዙር በዙር ላይ እንደርባለን። እያንዳንዱ ዙር ከበፊቱ በምን ያህል ይርዘም የሚለው ነው ሁሉንም የሚወስነው። ዙሩ በልኩ ከረዘመ ሰፌድ ይሆናል፣ ዝርግ። ጭማሪውን ካሳነስን መቆም ይጀምራል። ጭማሪ ከሌለ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ከልኩ በላይ ከጨመርን ደግሞ ጠርዙ ይሞገጋል፣ አንዱ ጋ ሲጫኑት በሌላ ይነሣል። ጀማሪን የሚያስቸግራት ይሄ ነው።

ክዳን ስንሰፋ ከጫፉ ነው የምንነሣው። ጭማሪው ሁልጊዜ እኩል ከሆነ ቀጥ ያለ ሾጣጣ ይሆናል። እናቴ ግን ወደ ታች ስትመጣ ጭማሪውን በትንሽ በትንሹ ታሳንሰዋለች፤ ስለዚህ የእሷ ክዳን ትንሽ ሞላ ያለ ነው፣ ሆድ አለው። ለወገቡ የተገላቢጦሽ ነው። ከእግሩ ወደ ላይ ስንሄድ ዙሩ ያጥራል፤ ማጠሩ ግን እየቀነሰ ሄዶ ወገቡ ላይ ይቆማል፤ ከዚያ መርዘም ይጀምራል፣ ጭማሪውም እየበዛ ይሄዳል።

ላሜራ ቆራጭ ወንድሜ፣ መሶብ እንዲመስል ከፈለግክ የክዳኑን ነገር አስብበት። ቀጥ ያለ ሾጣጣ የሣር ጎጆ ሊመስል ይችላል። አለላው የሚያርፍበትን መስመር በቀለም ማውጣትም አለ።

መምህር ዘደሴ፣ ረቡዕ ከምሽቱ 2:00

እህቴ ስንደዶ፣ ይህ ጽሑፍሽ ከእኔ ሁሉ ይበልጣል። ለተማሪዎቼ አነብላቸዋለሁ።

ያልሽውን በቁጥር ልጻፈው። የአንድ ዙር ውፍረት 1 ሳንቲ ሜትር ቢሆን፣ ሰፌድ እንዲሆን እያንዳንዱ ዙር ከቀደመው በ6.28 ሳንቲ ሜትር መርዘም አለበት፤ 2 ጊዜ ፓይ ነው። የላሜራ ቆራጭ ክዳን በተዳፋቱ 1 ሳንቲ ሜትር ሲወርድ ከመሀል 0.8 ይርቃል፤ ስለዚህ ዙሩ በ5.03 ይረዝማል፣ ሁልጊዜ እኩል። 0.8 ጊዜ 360 ስታደርጊው 288 ነው፤ ቦርከና ለካርቶኑ ያወጣው ማዕዘን!

ጋውስ የለካው ጉብጠትም ካንቺ አባባል ጋር አንድ ነው። ጭማሪው እየቀነሰ ሲሄድ ጉብጠቱ ከዜሮ በላይ ነው፤ ሞላ ያለው ክዳን። ጭማሪው እኩል ሲሆን ጉብጠቱ ዜሮ ነው፤ ላሜራ የሚዘረጋው እዚህ ብቻ ነው። ጭማሪው እየበዛ ሲሄድ ከዜሮ በታች ነው፤ ወገቡና የሚሞገገው ጠርዝ። እ.ኤ.አ. በ1997 ዳይና ታይሚና የተባለች የሒሳብ ሊቅ ይህን ከዜሮ በታች የሆነ ጉብጠት ለተማሪዎቿ በኪሮሽ ሠርታ በእጅ የሚዳሰስ አደረገችው። እናትሽ የክዳኑን ሆድ የሚያወጡበት ዘዴ ከዚያ የሚለየው ጭማሪው በሚሄድበት አቅጣጫ ብቻ ነው።

ቶርኖ ቤት፣ ረቡዕ ከምሽቱ 2:40

የቱቦው ነገር ገባኝ፤ ጥሩ ነው። ግን አንድ ነገር አስሉልኝ። ቱቦ የሚሸጠው በ6 ሜትር ነው። 45 ዲግሪ ተጋድሞ 2.40 የሚወጣ ቱቦ ከ3 ሜትር ያልፋል። ከአንዱ ዘንግ አንድ ብቻ ይወጣና ቀሪው ይጣላል ማለት ነው። ባለቤቱ ለጥራጊ አይከፍልም።

ቦርከና፣ ረቡዕ ከምሽቱ 3:35

አያ ቶርኖ፣ ልክ ነዎት፤ በመምህሩ ቁጥር አንዱ ቱቦ 3.39 ሜትር ነው። በሌላ በኩል ወገቡን እኛ ነን የምንመርጠው፤ ስለዚህ ከ6 ሜትሩ ተነሥተን ወደ ኋላ እናስላው።

ቀለበቱን 24 ቦታ እንክፈለው፤ ከምልክት እስከ ምልክት 15 ዲግሪ፣ በቀጥታ ሲለካ 39.2 ሳንቲ ሜትር። ከታች ከዜሮ ምልክት የተነሣ ቱቦ ላይ ሲደርስ በስንተኛው ምልክት ያርፋል? ወገቡን የሚወስነው ይህ ነው፦ የወገቡ ሬዲየስ = 1.5 × ኮሳይን (የጥምዙ ግማሽ)። ጥምዝ ያልኩት ቱቦው ከተነሣበት ምልክት እስከሚያርፍበት ምልክት ያለውን ማዕዘን ነው።

በ7ኛው ምልክት ቢያርፍ ጥምዙ 105 ዲግሪ ነው። ወገቡ 91 ሳንቲ ሜትር ይሆናል፤ መምህሩ ካሉት ጋር ይቀራረባል። ቱቦው 3.38 ስለሆነ ከአንድ ዘንግ አንድ ብቻ። በሁለቱ አቅጣጫ 48 ቱቦ ስለሚያስፈልግ 48 ዘንግ ይገዛል።

በ5ኛው ምልክት ቢያርፍ ጥምዙ 75 ዲግሪ ነው። ወገቡ 1.19 ሜትር። ቱቦው 3.02 ይመጣል፤ ለጥቂት ከ3 አለፈ። ቁመቱን ከ2.40 ወደ 2.37 ብናወርደው ግን 2.99 ይሆናል። ከአንድ 6 ሜትር ሁለት ይወጣል፤ ዲስኩ ለሚበላውም ይተርፋል። 24 ዘንግ ብቻ! በግማሽ ወረደ።

ወገቡ ከ91 ወደ 119 ስለሰፋ መሶቡ ትንሽ ይወፍራል። ነገር ግን ውስጡ ሰው የሚቀመጥበት ነው፤ 1.83 ዲያሜትር ላይ አምስት ሰው ከረከቦት ጋር ይጨናነቃል፣ 2.38 ላይ ይሻላል። አዲሱ እኩልታ፦

ኤክስ² + ዋይ² = 1.416 + 0.594 × ዜድ²

ለማረጋገጫ፦ ከወገቡ 50 ሳንቲ ሜትር በላይም በታችም ዲያሜትሩ 2.50፣ በ1 ሜትር ላይ 2.84 መሆን አለበት። ሜትር ዘርግተው ይለኩት።

ነቁጥ (ደሴ)፣ ረቡዕ ከምሽቱ 4:20

ፕሮግራም ጸሐፊ ነኝ። ሁላችሁም ስልካችሁ ላይ ጂኦጂብራ የሚባለውን ጫኑ፤ ነፃ ነው። የቦርከናን መስመር በሦስት አቅጣጫ ገጽ ላይ ስትጽፉት ወገቡን ይሥልላችኋል፤ በጣት እያዞራችሁ ማየት ትችላላችሁ። ለባለቤቱም ሥራው ሳይጀመር ማሳየት ይቻላል። ቁጥሮቹን ስትለዋውጡ ወገቡ ሲገባና ሲወጣ ማየት ብዙ ያስተምራል።

እግረ መንገዴን፣ ቅርጽን ለኮምፒዩተር የምንነግርበት ሁለት መንገድ አለ። አንዱ መምህሩ ያሉት ጥያቄ ነው፤ ነጥቡ ከቅርጹ ላይ ነው ወይ? ሌላው የስንደዶ መንገድ ነው፤ ከአንድ ቦታ ተነሥቶ ዙሩን እየተከተሉ መሄድ። ለምሳሌ ኤክስ = ሬዲየስ × ኮሳይን፣ ዋይ = ሬዲየስ × ሳይን፣ ዜድ ደግሞ በየዙሩ አንድ የስንደዶ ውፍረት ከፍ የሚል። ማዕዘኑን ስትጨምሩ ነጥቡ እየተጠማዘዘ ይወጣል። መሥራት የፈለገ ሁለተኛውን ይመርጣል፤ ማሽን ወዴት እንደሚሄድ ይነግረዋልና።

የመጀመሪያው ግን ቅርጾችን ለማጣመር ወደር የለውም። ከቅርጹ ውጭ ላለ ነጥብ ከዜሮ በላይ፣ ውስጡ ላለ ከዜሮ በታች፣ ላዩ ላይ ላለ ዜሮ የሚሰጥ ቀመር እንጻፍ። ሁለት ቅርጽ ለማዋሃድ ከሁለቱ ቀመሮች ትንሹን ዋጋ መውሰድ ብቻ ነው። የጋራ ቦታቸውን ብቻ ለማስቀረት ትልቁን። አንዱን ከሌላው ለመቁረጥ የቆራጩን ምልክት ገልብጦ ትልቁን መውሰድ። የጀበና ሆድ ሉል፣ አንገቱ ሲሊንደር፣ እጀታው የቀለበት ቁራጭ ነው፤ ሦስቱን ጽፎ ትንሹን መውሰድ ጀበና ይሰጣል። መጋጠሚያው ሹል እንዳይሆን «ትንሹ» የሚለውን ማለስለስ ይቻላል።

በኮምፒዩተር ሥዕል ታሪክ ከታወቁት ሞዴሎች አንዱም የሻይ ማፍያ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1975 ማርቲን ኒዌል በዩታ ዩኒቨርሲቲ ያዘጋጀው። እሱ የተሠራው በሁለተኛው መንገድ ነው፤ ትናንሽ የጎበጡ ቁራጮችን ጠርዝ ለጠርዝ በማጋጠም። ጀበናን እንዲሁ በጥንቃቄ ለክቶ የሚያስቀምጥ የወሎ ልጅ ቢገኝ እኔ በኮዱ አግዛለሁ።

ስንደዶ፣ ሐሙስ ከጠዋቱ 1:05

ነቁጥ፣ የእናቴ ጀበና አለ፤ ለክቼ እልክልሃለሁ። አንገቱ ግን ሲሊንደር አይደለም፤ ወደ አፉ ሲደርስ ይሰፋል። እሱንም ጻፈው።

ላሜራ ቆራጭ፣ ሐሙስ ከቀኑ 7:15

እግዜር ይስጣችሁ። ለባለቤቱ በስልክ አሳየኋቸው፤ በ5ኛው ምልክት የሚያርፈውን ወደዱት። 3 ሳንቲ ሜትር ማነሱ ግድ የለም አሉ።

ለእኔ ሌላም ችግር ፈታልኝ። 3 ሜትር ስፋት ያለውን ነገር ገጥሜ በሐረጎ ዳገት ወደ ደሴ እንዴት አወጣዋለሁ ብዬ ተጨንቄ ነበር። ቱቦዎቹ ቀጥ ያሉ ስለሆኑ ታስረው ይጫናሉ። ቀለበቱን በሁለት ግማሽ አሠርቼ እዚያው አገጣጥማለሁ። ዙሩ 9.42 ስለሆነ ግማሹ 4.71 ነው፤ ከአንድ ዘንግ አንድ ግማሽ ይወጣል።

ለስንደዶ፦ ክዳኑን አሰብኩበት። ሆድ ያለው ክዳን በላሜራ አይዘረጋም ማለት ነው አይደል? ስለዚህ በሦስት ቀለበት ከፍዬ፣ ሦስት የተለያየ ተዳፋት ያላቸው የሾጣጣ ቁራጮች አድርጌ ልሥራው። እያንዳንዱ ለብቻው ይዘረጋል፤ ከሩቅ ሲታይ ሞላ ያለ ይመስላል። የአለላውን መስመር በመጋጠሚያዎቹ ላይ አወጣለሁ። የእናትሽ ክዳን ስንት ዙር ላይ ነው ማሳነስ የምትጀምረው?

ሁለት ጥያቄ ቀረኝ። ቱቦዎቹ በሚተላለፉበት ቦታ አንዱ ሌላውን አይቆርጥም ወይ? በሩስ?

ስንደዶ፣ ሐሙስ ከቀኑ 8:30

እናቴን ጠየቅኳት። ከጫፉ እስከ ሲሶው ያህል እኩል ትጨምራለች፤ ከዚያ ነው የምታሳንሰው። የመጨረሻዎቹ ዙሮች ጠርዙ ላይ ቀጥ ሊሉ ምንም አይቀራቸውም፤ ክዳኑ በመሶቡ ላይ የሚገጥመው ለዚያ ነው ብላለች። ስለዚህ የታችኛው ቁራጭህ ቁልቁለቱ የበዛ ይሁን።

ቦርከና፣ ሐሙስ ከቀኑ 9:10

ሁለቱ አቅጣጫዎች አንድ ገጽታ ላይ ስለሚተኙ በሒሳብ ይቆራረጣሉ፤ ብረት ደግሞ ውፍረት አለው። አንደኛውን ዙር ከቀለበቱ ውጭ፣ ሁለተኛውን ከውስጥ ይበይዱ። ወገቡ ላይ 1.19 ሬዲየስ ያለው ሦስተኛ ቀለበት በመካከላቸው ይግባ፤ ሁሉንም ያስራቸዋል።

እኩልታው ግን ቅርጹን እንጂ የቱቦውን ውፍረት አይነግረንም። ክዳኑ ከባድ ነው፣ የደሴም ነፋስ አለ፣ ሰው ከሥሩ ይቀመጣል። የቱቦውን ውፍረትና መሠረቱን የስትራክቸር መሐንዲስ ይይልዎት። ይህን አይዝለሉት።

ቶርኖ ቤት፣ ሐሙስ ከምሽቱ 12:20

በሩን እኔ ልንገርህ። ወገቡ ከቀለበቱ 31 ሳንቲ ሜትር ወደ ውስጥ ይገባል፤ ስለዚህ በሩ ቀጥ ብሎ ከቆመ ወገቡ ጋ ክፍተት ይፈጠራል። በሩን እንደ ሳጥን አውጣው። ከታች ቀለበት እስከ ላይ ቀለበት የሚቆሙ ሁለት ጠንካራ ቋሚዎች፣ ጎናቸው በላሜራ የተዘጋ። በበሩ በኩል የሚያልፉትን ቱቦዎች እዚያ ቆርጠህ ከሳጥኑ የኋላ ጠርዝ ጋር በይድ። የተቆረጠው ቱቦ ይሸከም የነበረውን ሳጥኑ ይሸከም።

ስትገጥም ደግሞ እንዲህ አድርግ። ምልክቶቹን ሁለቱም ቀለበት ላይ ከ0 እስከ 23 ጻፍ፤ ሁለቱንም ከላይ እያየህ በአንድ አቅጣጫ ቁጠር። የላዩን ቀለበት በጊዜያዊ ቋሚ አቁመህ ዜሮው በታቹ ዜሮ ላይ በቱምቢ እንዲወርድ አድርግ። የውጭውን ቱቦ ከታች 0 ወደ ላይ 5፣ ከ1 ወደ 6 እያልክ ሂድ። የውስጡን ከታች 0 ወደ ላይ 19፣ ከ1 ወደ 20። መጀመሪያ አራቱን በአራት ማዕዘን ብቻ በነጥብ ያዛቸው፣ የወገቡን ዲያሜትር ለካ፣ 2.38 ከሆነ ነው ሌላውን የምትበይደው። ቀለበት ማጠፊያውን እሑድ መጥተህ ከእኔ ውሰድ።